ከምጽዋት በፊት መግቢያ

እሑድ ጠዋት በአምቦም ይሁን በጉደር፣ በጊንጪም ይሁን በጌዶ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያለፈ ሰው አካል ጉዳተኛ አላየሁም ሊል አይችልም። ከአጥሩ ሥር ጆንያ አንጥፎ የተቀመጠ አለ፤ ክራንቹን አጠገቡ አጋድሞ እጁን የዘረጋ አለ፤ በልጅ እየተመራ በቅዱሳን ስም የሚለምን ዓይነ ስውር አለ። ምእመኑም አይጨክንም። ሳንቲም ይጥላል፣ ዳቦ ይቆርሳል፣ የዝክር ቀን ሲሆን ከጠላውም ከቆሎውም ያካፍላል። ይሁን እንጂ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ወደ አንዱ ጠጋ ብሎ «አገልግሎቱ ተጀምሯል እኮ፣ ለምን አትገባም?» የሚል ሰው ማግኘት ብርቅ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህች ጥያቄ ነው። በእኔ አስተያየት የአብያተ ክርስቲያናቶቻችን ችግር የርኅራኄ ማነስ አይደለም፤ ርኅራኄውስ ሞልቷል። ችግሩ አካል ጉዳተኛውን የምናውቀው በሁለት መልክ ብቻ መሆኑ ነው፤ አንድም ምጽዋት ተቀባይ፣ አንድም ፈውስ ጠባቂ አድርገን። ዘማሪ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፣ የሰበካ ጉባኤ ወይም የሽማግሌዎች ጉባኤ አባል ሊሆን እንደሚችል ትዝ አይለንም። በዚህም የተነሣ ለደጁ ሳንቲም ስናዘጋጅ ለውስጡ መንገድ ሳናዘጋጅ ቀርተናል። ቤተ ክርስቲያን ለአካል ጉዳተኛ ልትሰጠው የሚገባት የመጀመሪያ ነገር ምጽዋት ሳይሆን መግቢያ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ቤተ ክርስቲያን ስል የኦርቶዶክስ ተዋሕዶውንም፣ የመካነ ኢየሱሱንም፣ የሙሉ ወንጌሉንም፣ የካቶሊኩንም ማለቴ ነው። የሕንፃው ቅርጽና የአገልግሎቱ ሥርዓት ቢለያይም በዚህ ጉዳይ አንዱ ሌላውን የሚወቅስበት ብዙ ነገር የለም።

የት ሄዱ?

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በሀገራችን ያሉትን አካል ጉዳተኞች ከሕዝቡ ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ አድርጎ አስቀመጣቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት ግን ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶ ያህሉ ከአንድ ዓይነት የአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ገመቱ። የጤና ድርጅቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ግምቱን ወደ ስድስት ሰው አንድ ከፍ አደረገው። ኢትዮጵያ ከዓለም ሁሉ ተለይታ ጤነኛ ናት ካልተባለ በቀር ይህ ልዩነት ማብራሪያ ይፈልጋል። ከፊሉ የአጠያየቅ ጉዳይ ነው፤ «በቤትዎ አካል ጉዳተኛ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅና «ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመራመድ የሚቸገር አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚገኘው መልስ አንድ አይደለም። ከፊሉ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ቤተሰብ ልጁን ይደብቃል።

እስቲ በዚህ ስሌት አንድ አጥቢያ እንውሰድ። በእሑድ 600 ሰው የሚሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ከስድስት አንድ ማለት 100 ሰው ነው። በእርግጥ መቶውም በዊልቸር የሚሄዱ አይደሉም። ጉልበታቸው የከዳቸው አረጋውያን፣ ጆሯቸው የከበደ፣ ዓይናቸው በትራኮማ የተጎዳ፣ የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ያለባቸው ልጆች፣ ሁሉም በዚህ ይቆጠራሉ። ቢሆንም ከውስጥ ቆጥረን መቶውን ካላገኘን፣ ከደጁም አምስት ስድስት ሰው ብቻ ካየን፣ የቀሩት የት ናቸው? መልሱ ቀላል ነው፤ ቤት ናቸው።

መጽሐፉና ትውፊቱስ ምን ይላሉ?

አንዳንድ ሰው ይህን ጉዳይ ከውጭ የመጣ፣ የመያዶች ቋንቋ አድርጎ ያየዋል። እኔ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የራሷ ጓዳ የወጣ ነው እላለሁ። በተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስትጠመቅ አካሉ የጎደለ ሕፃን ተለይቶ አይመለስም። እኩል ይጠመቃል፣ እኩል ይቆርባል። አባልነቱ ያን ቀን አልቋል ማለት ነው። እናቱ አቅፋው ስትገባ ደረጃው አላስቸገረም። ችግሩ የሚጀምረው ልጁ አድጎ ለመታቀፍ ሲከብድ ነው። ያኔ ቤተ ክርስቲያኗ ልጇን ያጣችው በሃይማኖት ምክንያት ሳይሆን በክብደት ምክንያት ነው።

የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ ስሙ መጻጉዕ ነው። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ተኝቶ የኖረው በሽተኛ የሚታሰብበት ቀን ነው። ያ ሰው ለጌታ የተናገረው ትልቁ ብሶት የሕመሙ ጽናት አልነበረም፤ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱ ነበር። በየዓመቱ ይህ ወንጌል ሲነበብ በዚያው ሰዓት ከቤት የሚያወጣው ሰው ያጣ ስንት ጎረቤት አለን?

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ያለውን ታሪክም እንይ። አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ፣ በበሩ ግን መግባት አልቻሉም። በሩን የዘጋው ማን ነበር? ጠላት አልነበረም፤ ቃሉን ለመስማት የተሰበሰበው ሕዝብ ራሱ ነበር። ስለዚህ ጣሪያውን ነድለው አወረዱት። የጣሪያው ወጪ በማን ሒሳብ ይያዝ የሚል ክርክር በታሪኩ ውስጥ የለም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ደግሞ ውብ በሚባለው የመቅደሱ በር በየቀኑ እየተወሰደ የሚቀመጥ አንካሳ አለ። የሚገርመው ተሸካሚዎቹ ናቸው። እስከ በሩ ድረስ በየቀኑ የተሸከሙት ሰዎች ጥቂት እርምጃ ጨምረው ወደ ውስጥ አላስገቡትም፤ ቦታው ደጁ ነው ብለው አምነዋልና። «እሱ እኮ የገባው ከተፈወሰ በኋላ ነው» የሚለኝ ቢኖር ንጉሥ ዳዊትን አስታውሰዋለሁ። ሜምፊቦስቴ ሁለት እግሩ ሽባ እንደሆነ ከንጉሡ ማዕድ እንደ ልጅ ይቀመጥ ነበር። ለመቀመጥ መፈወስ አልተጠየቀም።

ወደ ራሳችን ትውፊት ስንመጣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል የማያውቅ የለም። ጻድቁ ብዙ ዘመን ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እንደተሰበረና በቀረው እግራቸው ቆመው ጸሎታቸውን እንደቀጠሉ ገድላቸው ይተርካል፤ ጥር 24 ቀንም ይህ ይታሰባል። በአንድ እግር የቆመ ጻድቅ በግድግዳዋ ላይ የሣለች ቤተ ክርስቲያን በአንድ እግሩ የመጣውን ምእመን እንደ እንግዳ ልታየው አይገባም።

መቋሚያውንስ? ሊቃውንቱ፣ ካህናቱ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ በማኅሌትና በቅዳሴ በመቋሚያ ይደገፋሉ። ረጅም ሰዓት መቆም ለሰው ልጅ ሥጋ እንደሚከብድ ቤተ ክርስቲያን ዐውቃ የመደገፊያ በትር ሰጥታለች፤ በትሩንም ከከበሮና ከጸናጽል ጋር የአገልግሎት ዕቃ አድርጋዋለች። መቋሚያ ክብር ከሆነ ክራንች ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ዜማውና ቅኔው በቃል የሚጠና በመሆኑ ዓይነ ስውር መሪጌቶችና የቅኔ መምህራን መኖራቸው በሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታላቁን የእስክንድርያ ትምህርት ቤት የመራው ዲዲሞስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር፤ እነ ጀሮም ከእርሱ ተምረዋል። በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን የሐዋርያት ተብሎ የታወቀው ቀኖናም አንድ ዓይኑ የጠፋ ወይም እግሩ የተጎዳ ሰው በሌላው ነገር ብቁ ከሆነ ለጵጵስና እንኳ ሊሾም እንደሚችል ይደነግጋል፤ ሰውን የሚያረክሰው የአካል ጉድለት አይደለም የሚል ነው ምክንያቱ። ያው ቀኖና ደንቆሮንና ዕውርን ከዚያ ሹመት ይከለክላል፤ ግን እዚያም ምክንያቱ ርኩሰት ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ሥራ እንዳይስተጓጎል ነው። ብሬልና የምልክት ቋንቋ ባለበት ዘመን ያ ሥጋት ምን ያህል እንደቀነሰ አባቶች ቢመክሩበት መልካም ነው።

ሦስቱ እንቅፋቶች

የመጀመሪያው ደረጃ ነው። በግዕዝ ደብር ማለት ተራራ ማለት ነው፤ ከፍታን የመረጥነው ከስሙ ጀምሮ ነው። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የምናገኛት የአዲስ ዓለም ማርያም ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሊያደርጉት በጀመሩት ስፍራ፣ ከኮረብታ አናት ላይ ነው ያለችው። እንዲህ ያለውን ታሪካዊ ቦታ ንደን እንሥራው የሚል የለም። ነገር ግን ከዚያው መንገድ ዳር መናገሻ ላይ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የቼሻየር ማዕከል በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን በክራንችና በድጋፍ ጫማ ለማስኬድ ደክሟል። አንዱ ወገን ልጁን አቁሞ ይልከዋል፣ ሌላው ወገን በደረጃ ይመልሰዋል። በአዳዲሶቹ የጸሎት አዳራሾች ደግሞ ሰበቡ የከፋ ነው። ትናንት የተሠራ ብሎኬት ቤት ቅርስ አይደለም፤ ባለ አምስት ደረጃ መግቢያውን ያመጣው ሳይታሰብበት መሠራቱ ነው።

ከደረጃው ጋር የጫማውም ነገር አለ። በደጋችን በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት የኖረ ሰው እግሩ ያብጣል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እግርን በመታጠብና ጫማ በማድረግም ይከላከሉታል። ይሁንና ጫማ አውልቆ በሰው መካከል መቆም ለዚህ ሕመምተኛ ትልቅ ፈተና ነው። ሥርዓቱ ሳይነካ በደጀ ሰላሙ ንጹሕ ካልሲ ማስቀመጥ፣ የዊልቸሩንም ጎማ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማስገባት ይቻላል።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። በአምቦ አዳራሾች ሰባኪው በአፋን ኦሮሞ ሲናገር ከጎኑ የቆመው ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ አንዳንዴም በተገላቢጦሽ። ይህን ማንም ሰው የችግረኞች እርዳታ ብሎት አያውቅም። ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ይስማ ነው የተባለው፤ ልክም ነው። ታዲያ መስማት ለተሳነው ሰው የምልክት ቋንቋ ሦስተኛው አስተርጓሚ ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው? የሁለቱን ቋንቋ መብት በሚገባ ያወቀ ከተማ የሦስተኛው ሊጠፋው አይገባም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ዓይናችን ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን ኃጢአት ሠራ ብለው ሲጠይቁ እርሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ ተነግሯቸዋል። እኛ ግን ያንኑ ጥያቄ ዛሬም እንጠይቃለን፤ እርግማን ነው፣ የአባቱ ዕዳ ነው እንላለን። በጸሎት ቤቶቻችን ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። አካል ጉዳተኛ ሲገባ ወዲያው ወደ ፊት ይጠራል፣ እጅ ይጫንበታል፣ ካልተነሣ እምነቱ ጎደለ ይባላል። ስለ ፈውስ መጸለይን አልነቅፍም፤ ጠበሉንም ጸሎቱንም አከብራለሁ። የምለው ግን ይህን ነው፦ ሰውዬው ዛሬ ሊዘምር፣ ሊሰማ፣ ከሰው ጋር ሊቀመጥ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ሳይጠየቅ በየሳምንቱ ለምስክርነት የሚፈለግ ሰው በመጨረሻ መምጣቱን ይተዋል። «ምን ላድርግልህ?» ብሎ መጠየቅ ጌታም ያደረገው ነው።

«ገንዘብ የለንም»

በዚህ ርእስ ላይ ከሰዎች ጋር ስንነጋገር የሚመጡት መልሶች ጥቂት ናቸው። አንደኛው ገንዘብ የለም የሚለው ነው። እስቲ እናስላው። ባለሙያዎች ለዊልቸር ራምፕ በተለምዶ የሚመክሩት ልኬት 1 ለ12 ነው፤ ለአንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች 45 ሳንቲ ሜትር ናቸው። በ12 ሲባዛ 5 ሜትር ከ40 ይመጣል። ይህ ጥቂት ኩንታል ሲሚንቶ፣ አሸዋና ድንጋይ፣ የአንድ ግንበኛ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። በቅርስ ሕንፃ ላይ ደግሞ ከእንጨት የሚሠራ፣ በአገልግሎት ሰዓት ተነጥፎ የሚነሣ ይበቃል። ለድምፅ ማጉያ፣ ለምንጣፍና ለመጋረጃ ያዋጣ ምእመን ለዚህ አያንስም።

ሕጉም ቢሆን ከረፈደ አልመጣም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖራቸው፣ መጸዳጃቸውም እንዲመች ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ሀገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። ሆቴልና ባንክ ከተጠየቁት ቤተ ክርስቲያን ልታንስ አይገባትም፤ የእርሷ ሕግ ከአዋጁ ይቀድማልና።

ሁለተኛው መልስ «አይመጡም እኮ፣ ለማን ብለን እንሥራ?» የሚል ነው። ይህ ድልድይ የሌለውን ወንዝ አይቶ የሚሻገር ሰው የለም እንደማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ «እኛ በዓመት አንድ ቀን ፕሮግራም አለን፣ ዊልቸር እናድላለን» ይላል። መልካም ነው፤ ዊልቸር ያስፈልጋል። ግን የታደለው ዊልቸር ፎቶ ከተነሣበት ደጅ አልፎ መግባት ካልቻለ ስጦታው ለማን ነበር? ከሃምሳ ሁለቱ እሑዶች አንዱን ለእነርሱ ከመስጠት ሃምሳ አንዱን አለመከልከል ይበልጣል።

አብያተ ክርስቲያናት ይህን ሥራ አይችሉትም እንዳይባል ከዚህ የከበደውን ሠርተው አሳይተዋል። መካነ ኢየሱስ በሆሳዕና መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፍታ አስተምራለች። በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኘችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ገና በልጅነቷ ዓይኗን አጥታ የተማረችው በሻሸመኔ የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መክፈት ከቻለች አንድ አስተርጓሚ ማቆም፣ አንድ መግቢያ ማስተካከል አያቅታትም። ያለበለዚያ ልጁን አስተምራ፣ ተመርቆ ሲመጣ ከደጅ ትመልሰዋለች።

እኛስ?

የክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለንም። በግቢያችን ከእኛ ጋር የሚማሩ ዓይነ ስውራንና ሌሎች አካል ጉዳተኛ ጓደኞች አሉን። ክፍል ውስጥ ማስታወሻ እናነብላቸዋለን፤ ወደ ግቢ ጉባኤ ወይም ወደ ፌሎሺፕ ስንሄድ ግን ስንቶቻችን ነን «አብረን እንሂድ» የምንለው? እነርሱስ በመዝሙር ክፍሉ፣ በአስተባባሪነቱ ስንቱ ተመርጠዋል?

ስለዚህ ከንግግር ይልቅ ሥራ ይሻላልና ሦስት ነገር ላቅርብ። አንደኛ፣ ሜትር ይዘን በአምቦ ከሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት እንጀምር። የደረጃው ቁጥርና ከፍታ፣ የበሩ ስፋት (ለዊልቸር ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል)፣ የመጸዳጃው ሁኔታ ይለካ። ለእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድም ጊንጪም፣ ጉደርም፣ ባኮም ያለውን እንለካ። ውጤቱ ለሰበካ ጉባኤያቱና ለሽማግሌዎቹ በአክብሮት ይሰጥ፤ የመክሰሻ ወረቀት ሳይሆን የመሥሪያ ወረቀት ይሁን። ሁለተኛ፣ ከየኅብረቱ ሁለት ሁለት ተማሪዎች የምልክት ቋንቋ ይማሩ፤ አስተማሪዎቹም መስማት የተሳናቸው ሰዎች ራሳቸው ይሁኑ። ሦስተኛና ዋናው፣ ይህ ሁሉ ሲታቀድ አካል ጉዳተኞቹ በስብሰባው ይቀመጡ። ራምፑ የት ይሁን የሚለውን ከማንም በላይ የሚያውቀው በዊልቸር የሚሄደው ነው።

መስጊዶቻችንም ከዚህ የተለየ ችግር ያለባቸው አይመስለኝም፤ ሙስሊም ጓደኞቻችን ልኬቱን በራሳቸው በኩል ቢያካሂዱት ሥራው ይሞላል።

ምጽዋቱ ይቁም አላልኩም፤ የተራበ ይብላ። ነገር ግን አንድን ሰው ለሃያ ዓመት ደጅ ላይ እየመጸወቱ ስሙን አለማወቅ ጽድቅ ተብሎ ሊቆጠር አይችልም። ስሙን ለማወቅ ደግሞ መጀመሪያ አብሮ መቀመጥ ያስፈልጋል። ሜትሩን የሚይዙ አምስት ስድስት ተማሪዎች ከተገኙ በሚቀጥለው እትም በዚህ ገጽ ላይ የሚወጣው አስተያየት ሳይሆን የልኬት ሠንጠረዥ ይሆናል። ፈቃደኛ የሆነ ስሙን ለክፍሉ ተጠሪ ይስጥ።

ቸር ይግጠመን።